እኔ የለመንኩት አንድ ልጅ ነው

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር ነው የተነሣሁት፤ ግን አዲስ ነገር ላወራችሁ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ቆሜ የመሰከርኩትን ላርም ነው። ያን ቀን እልል ብላችሁልኛል፣ አንዳንዶቻችሁም አልቅሳችኋል። የነገርኳችሁ ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ግን ውጬዋለሁ።

ታውቁኛላችሁ፣ ሲቀላ ገበያ ሙዝ የማከፋፍለው እኔ ነኝ። አፌ ፈጣን ነው፣ እሱንም ታውቃላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ስኖር ልጅ አላገኘሁም። ያልጾምኩት ጾም፣ ያልሄድኩበት የጸሎት ፕሮግራም የለም። "ጌታ ሆይ፣ አንድ ልጅ ብቻ" እያልኩ ነበር የምለምነው። ባለቤቴ መምህር ነው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን "ወላጅ ያጣች ልጅ ብናሳድግስ?" አለኝ። ጌታ በእሱ አፍ የተናገረኝ መሰለኝ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ጨንቻ ወጣን። እናትና አባቷ ሞተው አጎቷ ቤት የምትኖር የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ስናያት በታላቅ እህቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው። እህትየው አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የማደጎውን ጉዳይ የያዘችው ባለሙያ ወረቀቱን ከመጀመሯ በፊት "እትዬ፣ ይህችን ልጅ ያሳደገቻት እህቷ ናት። ሁለቱን አብራችሁ ባትወስዱ እንኳ እንዴት እንደሚገናኙ አስባችሁበታል?" አለችኝ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረና "ሁለቱንም ብንወስዳቸውስ? ቤቱ ይበቃናል" አለ።

እኔ ምን አልኩ? "እኔ የለመንኩት አንድ ልጅ ነው።"

በመንፈሳዊ ድምፅ ነው ያልኩት፣ ወገኖቼ! በጸሎት መልስ ላይ አልጨምርም ብዬ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ትልቋ ከመጣች ትንሿ "እናቴ" የምትለው እሷን ነው፣ እኔን አይደለም ብዬ ፈራሁ። እህትየው በሩ ላይ ቆማ ነበር። አማርኛ አትሰማም ብዬ ነው የተናገርኩት። ለካ ትሰማ ነበር።

ከዘለላው አንዷን ገንጥዬ ወደ ቤቴ ወረድኩ። ስሟን እንኳ አልተውኩላትም፤ የጸሎቴ ምላሽ ናት ብዬ "ምላሽ" አልኳት። ነጭ ቀሚስ አልብሼ እዚህ መድረክ ላይ ያቆምኳት ያኔ ነው። እናንተ እልል ስትሉ ልጅቷ ቀሚሴን ጨብጣ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ አፍራ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ መናገር አቆመች። በአማርኛም፣ በጋሞኛም። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ምን አደረግሁ? ወደ እናንተ አመጣኋት። የድዳነት መንፈስ ነው ብለን እጅ ጫንንባት፣ ገሠጽን። ጮኽንባት፣ ወገኖቼ! አምስት ዓመት ባልሞላት ልጅ ላይ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

በመጨረሻ ባለቤቴ "ሐኪም ይያት" ስላለ ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ መረመራትና "ጆሮዋም ጉሮሮዋም ደህና ነው" አለን። ቀጥሎ "እናንተ ጋ ከመምጣቷ በፊት ከማን ጋር ነበር የምትተኛው?" ሲል ጠየቀ።

"ከእህቷ ጋር" አለ ባለቤቴ።

"እህቷስ አሁን የት ናት?"

ባለቤቴ ጨንቻ እንደተውናት ነገረው። ሐኪሙም "መድኃኒት አልጽፍላችሁም። እህቷን አገናኟት" አለን።

ጌታ ያገኘኝ እዚያው ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ያን ሁሉ ዓመት "አማኝ ነኝ" እያልኩ ስጸልይ የኖርኩት ለራሴ ባዶ ቤት ብቻ እንደነበር ገባኝ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ። በማግስቱ ሦስታችንም ጨንቻ ወጣን።

እህትየው የለችም። አጎትየው አንገቱን ደፍቶ "ትንሿ ከሄደች በኋላ ይህን ቤት ጠላችው። አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥራለች" አለን። ልጅቷ ጓዳ ገብታ ፈለገቻት። ወጥታ ከቤቱ ጀርባ ፈለገቻት። ደግሞ ተመልሳ ጓዳ ገባች። ወገኖቼ፣ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የእህትየውን ስልክ ቁጥር ከአጎትየው ተቀብዬ ደወልኩላት። "ነይ ልጄ፣ ቤትሽ ነው፣ ከእህትሽ ጋር ትኖሪያለሽ፣ ትማሪያለሽ" አልኳት። እሷም ቀስ ብላ "እርስዎ የለመኑት አንድ ልጅ ነው አይደል?" አለችኝ።

ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት። እህቷ እናታቸው ባወጣችላት ስም ጠራቻት። ልጅቷም መለሰች! ከሰባት ወር በኋላ መለሰች! ሃሌሉያ! ጌታ ይባረክ! እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ዛሬ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ታወራለች፣ ከእኔም ጋር ትከራከራለች። አሁን ግን አጠገቤ አላቆምኳትም። "ልመሰክር ነው፣ ትመጫለሽ?" ብላት "አልፈልግም" አለችኝ። እናቷ ያወጣችላትን ስም እዚህ እንድናገርም አልፈቀደችልኝም፤ ስለዚህ አልናገርም።

እሑድ እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ ለእህቷ እደውልላትና ስልኩን ለልጅቷ ሰጥቼ ወደ ውጭ እወጣለሁ። እህትየው እኔን ማናገር አትፈልግም ነበር። ያለፈው እሑድ ግን ልጅቷ ስልኩን ይዛ መጣችና "ትፈልግሻለች" አለችኝ። ተቀበልኳት። "እርስዎስ ደህና ነዎት?" አለችኝ። ይህችን ብቻ ብላ ዘጋችው። ክብር ለጌታ ይሁን! ለእኔ ይህች ቃል ብዙ ናት።

ልጅ ወስዳችሁ ልታሳድጉ ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አሳድጉ፣ ጌታ ይባርካችሁ። ግን አልጋ ከመግዛታችሁ በፊት ልጁ ማንን ትቶ እንደሚመጣ ጠይቁ። ስም ከማውጣታችሁ በፊት ስሙን ጠይቁት። ጌታን እመኑት፤ እኔ የሰበርኩትን እንኳ መጠገን የጀመረ አምላክ ነው።

ቤታችን ውስጥ ሁለተኛ አልጋ አንጥፈናል። እስካሁን የተኛበት የለም። ጸልዩልኝ። እኔም እየለመንኩ ነው፤ ቁጥር ግን ከእንግዲህ አልጠራም።