የአራተኛው ፎቅ ሰንሰለት

ሥራዬ በር መመርመር ነው፤ የንግድ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ የሚገጠሙትን፣ እሳትና ጭስ የሚያግዱትን ከባድ የብረት በሮች። ማጠፊያቸውን ዘይት እቀባለሁ፣ የላላውን አጠብቃለሁ፣ ደህና ከሆኑ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ። ካልሆኑ አልፈርምም። በዚህ ምክንያት ስንቱ ፊቱን አዙሮብኛል። ያዙር!

አየር ጤና አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የአደጋ መውጫውን በር በሰንሰለት ተጠፍሮ አገኘሁት። ፎቁን የያዙት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ካውያው፣ ጨርቁ፣ ሰዉ አንድ ላይ ተፋፍጓል።

«በዚህ በር ጨርቅ ተሰርቆ ወጥቶብናል» አለኝ ባለ ሕንፃው። «ለዛሬ ፈርሚልኝ የኔ እህት፣ ነገ ይፈታል።»

«ነገ ሲፈታ ነገ እፈርማለሁ።»

ይኼኔ የሰፊዎቹ አለቃ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ፣ መቀሳቸውን ወርውረው ተነሡ። «አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ልታሳሽጊብን ነው? እንጀራችን እኮ ነው!»

ደሜ ፈላ። የምከራከረው ለእሳቸው፣ የሚጮሁብኝ እሳቸው! ግን ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም።

«እሺ እትዬ፣ እሳት ተነሣ እንበል። አሁኑኑ ይክፈቱልኝ።»

የሰንሰለቱ ቁልፍ ያለው የሕንፃው ጥበቃ ጋ ነው። ተደወለለት። ሚስቱን ሊያሳክም ቤቴል ሄዷል፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። «ታክሲ ይዤ መጣሁ» አለ።

«እንጠብቀዋለን» ብዬ በሩ ሥር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ባለ ሕንፃው ሳቀ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ድጋሚ ተደወለ፤ ጥበቃው ገና የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ሲሆን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሴትዮዋ የጋለውን ካውያ አዩ፣ ጣሪያ ሊነካ የደረሰውን ጨርቅ አዩ፣ ከዚያ ጥግ ላይ የምትሰፋውን የገዛ ልጃቸውን አዩ።

«ከታች ሱቅ የብረት መጋዝ አምጡልኝ» አሉ።

ባለ ሕንፃው «ንብረቴን!» ብሎ ጣልቃ ሊገባ ሲል «ዞር በል ከፊቴ!» አሉት። መጋዙንም ለማንም አልሰጡም፤ ሰንሰለቱን ራሳቸው ቆረጡት። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ፈተሽኩት፣ ፈረምኩ።

«ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ» አለኝ ባለ ሕንፃው።

«ለሚቀጥለው ምርመራ ይጠብቁኝ» አልኩትና በዚያው በር ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ጥበቃው ቁልፉን በእጁ ይዞ እያለከለከ ሲወጣ ተገናኘን። ሴትዮዋ ከላይ ሆነው አዩት።

«ተመለስ ልጄ» አሉት። «እኛ ተቃጥለን አልቀናል።»