ብቻውን የዞረው ቧንቧ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ መትከያውን ተክዬ ስሞክረው ነው የጸጥታ ሰዎች የያዙን፤ እኔንም እሱንም። «የምን መትከያ ነው?» አሉ። የቴሌስኮፕ አልኩ። ቴሌስኮፑ ገና ስላልመጣ ለሙከራ ያሰርኩበት የውሃ ቧንቧ ነበር። ላየው ሰው የጦር መሣሪያ ይመስላል፤ በዚህ አልፈርድባቸውም።

ያስገቡኝ ክፍል መስኮቱ በብሎኬት ተደፍኗል። አምፖሉ ቀንም አይጠፋ። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ደረቅ ሳል ይስላል። «ማነህ ወንድሜ?» ስለው ዝም። እኔ ስስል ግን እሱም ይስላል፣ ልክ እንደኔ አድርጎ። ኋላ መሳልም ፈራሁ።

ረፋዱ ላይ መርማሪው ዘንድ አቀረቡኝ። በዕድሜ ልጄ ቢሆን ነው። ሥራዬ ቧንቧው እንደታሰረበት ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

«ይቀመጡ አባባ። ይሄ ዘንግ ክንድ ያህላል። ለመነጽር ነው?»

«ቀጭን ከሆነ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። ኮከቡ ከዓይን ይጠፋል።»

«መትረየስም እንደዚያው ነው።»

«ውፍረቱን የወሰነው ኩሽኔታው ነው። ላምበረት ከቁራሌው ክምር የጭነት መኪና ኩሽኔታ፣ ያ ጎማ የሚያሽከረክረውን ባለ ኳስ ቀለበት፣ አገኘሁ፤ ዘንጉን በቀዳዳው ልክ በቶርኖ ማሽን አወጣሁ። ድሃ አስቀድሞ ኩሽኔታ ነው የሚፈልግ።»

ፈገግ አለ። «እሺ። ያዘዘዎትን ሰው ይንገሩኝና ቤትዎ ይግቡ።»

ያዘዘኝ ኮተቤ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ተማሪዎቹን ጨረቃ ሊያሳይ። ስሙን ብናገር ነገ ከግድግዳው ወዲያ የሚስለው እሱ ነው።

«ለራሴ ነው» አልኩ።

ይሄኔ ቧንቧው ዞረ። ማንም አልነካውም። ሲሸከሙት ማመጣጠኛ ብረቱን ጥለውታል፤ ለዚያ ኩሽኔታ ደግሞ ትንፋሽ ይበቃዋል። ድምፅ የለው። ቀስ እያለ ዞሮ አፉ መርማሪው ደረት ላይ ቆመ።

«ማነው የሚያዞረው?» እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

«ክብደት ጎድሎት ነው፣ ልጄ።»

ሳላስፈቅድ ተነሣሁ። አንድ ጫማዬን አውልቄ በወዲያኛው ጫፍ ሰካሁ፣ ቧንቧውን ወደ ግድግዳው መለስኩ። ቀጥ አለ።

«ለማን ነው?» አለ ደግሞ፣ ዓይኑን ከቧንቧው ሳይነቅል።

«ለራሴ አልኩህ እኮ።»

«ወደ ክፍሉ መልሱት!» አላቸው ጠባቂዎቹን። በር ላይ ስደርስ «ጫማዎን!» አለኝ።

«ይቆይ፤ ካነሣሁት ይዞራል።»

አንድ እግሬ ባዶውን ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ስሙን ሳልናገር ከተለቀቅሁ በኋላ አስተማሪው ታክሲ ተራ አገኘኝ። «ጋሼ፣ የት ጠፉ? ያቺ ነገርስ?»

«አገር ቤት ነበርኩ። ዘንጉ ጠማማ ወጣብኝና ጣልኩት።»

«ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ አጽናናኝ።

አሁን አስተማሪው ከአገር ወጥቷል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። በዕድሜዬ ጠማማ ዘንግ አውጥቼ አላውቅም።