አማቴን ከከተማ ያባረርኩበት ንግግር

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እኔና ጫልቱ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ ናዝሬት ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል። ያም ሆኖ ዛሬም አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ ስሰማ ትዝ ይለኝና ጆሮዬ ይግላል። የምላሴ ጌታ እኔ እንዳልሆንኩ ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነበር።

ያኔ በአንድ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ደመወዜ ትንሽ፣ አፍሮዬ ትልቅ። ሠርግ ላይ፣ ዕድር ላይ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ «እስቲ እሱ ይናገር» ይባላል፤ እኔም ለወጉ ያህል ከተግደረደርኩ በኋላ እነሳለሁ። አማርኛዬን ከሬዲዮ ዜና ላይ ነበር የምገለብጠው። «ከዚህም ባሻገር» ሳልል ውሃ እንኳ አልጠይቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጫልቱ የአዳሚ ቱሉ ልጅ ናት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷ ኦቦ ገመዳ እርሻቸው ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል። ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። እህል በቀረበ ቁጥር «አባዬ አሁን ምን በልቶ ይሆን?» ትልና እጇን ትሰበስባለች። እኛ ዘንድ እንዲኖሩ ደጋግማ ለምናቸዋለች። እሳቸው ደግሞ «ከተማ ሰው ይታፈናል» ብለው ይመልሷታል።

በመጨረሻ ለአንድ ሳምንት መጥተው ሊያዩና ከዚያ ሊወስኑ ተስማሙ። የጫልቱን ደስታ አትጠይቁኝ። ለእኔ አንድ ሥራ ብቻ ሰጠችኝ፤ አባቷ ከተማውን እንዲወዱት ማድረግ።

«አፍህን ለቁም ነገር አውለው እስቲ» አለችኝ።

ምን ችግር አለ ብዬ ተነሳሁ። ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ከተማዬን ማስጎብኘት ያቅተኛል? በመጀመሪያው ቀን ባቡር ላሳያቸው ጣቢያ ወሰድኳቸው። ባቡሩ አልመጣም። የናዝሬት ንፋስ ግን መጣ፤ አቧራውን ለብሰን እንደ ዱቄት ወፍጮ ሠራተኛ ነጭ ሆነን ተመለስን። የቧንቧን ጥቅም ላስረዳ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ቧንቧ ከፈትኩ። ቧንቧው ሳለ፣ ትንሽ ዝገት ተፋ፣ ዝም አለ። ስለ መብራት ሳወራላቸው መብራት ጠፋ። በማግስቱ ለስኳር ብለን የቀበሌ ሱቅ ተሰለፍን፤ ተራችን ሲደርስ የተረፈው ሳሙና ነበር።

ኦቦ ገመዳ ለሁሉም «ጋሪዳ» ይላሉ። በኦሮምኛ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ፊታቸው ላይ ግን ጥሩም መጥፎም አይነበብም።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር፤ አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። ግቢው ውስጥ ስድስት አባወራ እንኖራለን። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያነጥስ «ይማርህ» የምንለው እኛ ነን። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው። የሰፈር መንገደኛ ሁሉ እንዳይገባበት ጓጉንቸር ተደርጎበታል፤ ቁልፉም ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን በራፍ ላይ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ማታ ማታ እንዳይጠፋ ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ጠዋት ለቁልፉ የሚጣደፈው ሰው ብዛት ያሳፍረኝ ነበርና ኦቦ ገመዳን ማልጄ እየቀሰቀስኩ ከሰልፉ በፊት አስገባቸዋለሁ። ይህም እንግዳ ማክበር መሆኑ ነው።

የሳምንቱ አጋማሽ ላይ ጉዴ መጣ። ቀበሌያችን ለመዝናኛ ክርክር አዘጋጀ። ርዕሱ «የከተማ ኑሮ ይሻላል ወይስ የገጠር ኑሮ?» የሚል ነው። ተከራካሪ ሲመረጥ ማን ሊመረጥ ነው? ዕጣ ሲወጣ ገጠር ደረሰኝ። በከተማ በኩል ደግሞ የሴቶች ማኅበሩን ወክለው እኚያው ወይዘሮ በላይነሽ ሆኑ።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ወገን ይቀየርልኝ ብዬ ለመንኩ። ገጠርን እንደማላውቅ፣ ላም ሳይ መንገድ የምሻገር ሰው እንደሆንኩ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ጓድ፣ ዕጣ ዕጣ ነው» ብለው አሰናበቱኝ።

ጫልቱ ስትሰማ ራሷን ያዘች። አባቷ ደግሞ የልጃቸው ባል ሊናገር ነው ሲባል የቀረ ይቅርና እሄዳለሁ ብለዋል።

«እንግዲህ ተሸነፍ» አለችኝ። «ተንተባተብ። ረሳሁት በል። ስለ ገጠር አንዲት ጥሩ ነገር ከአፍህ ብትወጣ አባዬ ይዞት ነው የሚሄደው።»

ማልኩላት። ከልቤ ነበር የማልኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ኦቦ ገመዳ ከጫልቱ ጎን ከፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ የተነሱት ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው። ማይክሮፎኑን እንደ ጭልፋ ጨብጠው ስለ ውሃው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ አቧራው አማረሩ። ከተማን ሊያመሰግኑ ወጥተው ሲራገሙ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

«ግን እኔ የትም አልሄድም። የሽንት ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሳልነሳ ብቀር ስድስት ቤት ሰው እግሩን አቆላልፎ በሬን ይሰብራል እንጂ ዝም አይልም! እኔ እንደሆነ ሞቼ አልቆይም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዳኞቹ ሳይቀሩ እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ስቄያለሁ።

ተራዬ ደረሰና ተነሳሁ። እንደማልኩት ተንተባተብኩ። «እ... ገጠር... ገጠር እንግዲህ...» እያልኩ ቆምኩ። በጣም ጥሩ ሄደልኝ። ጫልቱም በዓይኗ አይዞህ አለችኝ።

ያኔ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ዛሬስ ሰውዬው አለቀለት!» አለና ሰው ሳቀብኝ።

አለቀለት? እኔ? ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ሳልሆን አፌ ይጠየቅ። «የተከበራችሁ ጓዶች!» ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ራሴንም አስደነገጠኝ። የሰፊው ገበሬ የተፈጥሮ ጸጋ፣ ያልተበከለው ነፋሻ አየር፣ ከላሟ ጡት በቀጥታ ወደ ጽዋው የሚፈሰው ወተት፣ ምኑ ቅጡ። «ከዚህም ባሻገር» ስንቴ እንዳልኩ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻም እጄን ወደ ጣሪያው ዘርግቼ «ያን የመሰለ አምባ ትቶ በዚህ ጠባብ ጎጆ ሊታጎር የሚመጣ ሽማግሌ ቢኖር የዕድሜውን ጀምበር በገዛ እጁ ያጠለቀ ነው!» አልኩ። ሽማግሌ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከሁሉም አስበልጠው ያጨበጨቡት ኦቦ ገመዳ ናቸው። ቆመው፣ እጃቸው እስኪቀላ። ጫልቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ሽልማቱ አበባ የተሳለበት የቻይና ቴርሞስ ነበር። እሱን ታቅፌ አባትና ልጅን ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ወደ ቤት ገባሁ። ጫልቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። እራት አቀረበችና ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ገመዳ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጥቅላቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

«በቃ፣ ልሂድ። አይቻለሁ» አሉ። ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት፤ እኔንም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ወጡ። ልሸኝዎት ብላቸው ብቻዬን ይሻለኛል አሉ።

ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ሞልቷል።

«አባዬ እዚያ ብቻውን ቢሞት ማጨብጨቡን አትርሳ» አለችኝ።

ይህን ያህል መራራ ነገር ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። የጋሪ መክፈያ ኪሴ ውስጥ መኖሩ እንኳ ትዝ ያለኝ አውቶቡስ ተራ ከደረስኩ በኋላ ነው። ኦቦ ገመዳ ወደ አገራቸው የሚወስደው የዝዋይ አውቶቡስ በር አጠገብ ቆመው ነበር። እዚያው ሰው መሐል ሁለተኛውን ንግግሬን ጀመርኩ።

«ትናንት ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው! እኔ ገጠር አላውቅም። ከከተማ ወጥቼ የማውቀው ሶደሬ ነው፤ እሱም ለዋና! ከተማ ጥሩ ነው። ውሃው አንዳንድ ቀን ይመጣል። ባቡሩም አለ፤ የዚያን ቀን ዘግይቶ ነው...»

የአውቶቡሱ ረዳት «ወንድም፣ ትሳፈራለህ ወይስ ትሰብካለህ?» አለኝ። ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ይስቃል።

ኦቦ ገመዳ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ስለምኑ ነው የምታወራው?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ስለ ትናንቱ ንግግሬ ነዋ! እሱን ሰምተው አይደል የሚሄዱት?»

እንዳያስቀይሙኝ መጨነቃቸው ያስታውቃል።

«ንግግርህን እኮ አልሰማሁትም። አማርኛህ የሬዲዮ ነው። ገበሬ ስትል ሰማሁ፣ ወተት ስትል ሰማሁ፣ ሌላውን እንጃ።»

«ታዲያ ለምን አጨበጨቡ?»

«የልጄ ባል አይደለህ? ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልህ እጄን ልሰብስብ?»

ቃል አጣሁ። ለእኔ ብርቅ ነገር ነው።

«ዕቃዬን ላመጣ ነው የምሄደው» አሉ ቀጥለው። «በሬውን ለወንድሜ ልጅ እሰጣለሁ። በሚመጣው ሳምንት እመለሳለሁ። የሴትዮዋን ግን ሰምቻለሁ። የቁልፏን። እሷ ሰው የሚሰማው አማርኛ ነው የምታወራ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩኝን እነሆ። ባለፈው ክረምት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወድቀው ነበር። ዳሌያቸው አልነሳ ብሏቸው ያን ቀን እዚያው ዋሉ፤ ሌሊቱንም እዚያው አደሩ። ዝናብ ሲመጣ እየተጎተቱ ከጣሪያው ሥር ገቡ። ቢጣሩ የሚሰማ የለም። በማግስቱ እሳት ልትጭር የመጣች የሩቅ ጎረቤት ናት ያገኘቻቸው።

«የራበኝን ረስቼዋለሁ» አሉኝ። «የማንም ሰው ሥራ እኔን እንደማይጠብቅ ነው ያሰብኩት። ያቺ ሴትዮ ግን ስድስት ቤት ይጠብቃታል። ሁላችሁ ስትስቁ እኔ አልሳቅሁም።»

«ለጫልቱ ለምን አልነገሯትም?»

«ታለቅሳለቻ! ዛሬም እመለሳለሁ ብላት ዕቃ ልሸክምልህ ብላ ትከተለኛለች፤ ሰፈር ስትደርስ ይነግሯታል። አንተም እንዳትነግራት። ማል።»

ማልኩ። በዚያ ሳምንት ሁለተኛ መሐላዬ ነበር፤ በመጀመሪያው ምን እንዳደረግሁ እሳቸው አያውቁም።

ቤት ስገባ ጫልቱ ዘላ ተነሳች። «ዕቃቸውን ይዘው ሊመለሱ ነው» አልኳት። አላመነችኝም። በሳምንቱ ኦቦ ገመዳ ከጋሪ ላይ ሲወርዱ ግን እልል አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው በስሱ ግድግዳ በኩል «አካም ቡልተን!» እያሉ ግቢውን ሁሉ እንዴት አደራችሁ ይሉ ጀመር። ጎረቤቱም ይመልስላቸዋል። እስኪያርፉ ድረስ ከእኛ ጋር ኖሩ።

የእኔ ቅጣት ከዚያ ጀመረ። ጫልቱ አባቷን አውቶቡስ ተራ ላይ ተናግሬ የመለስኩት እኔ መሆኔን ቆርጣ አመነች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች። «አፉ ያጠፋውን አፉ አስተካከለው! ምን ብሎ እንዳሳመነው ግን እስከ ዛሬ አይነግረኝም» ትላለች። እንግዳው ያደንቀኛል። እኔ አዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ የማይበቃኝ ሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ኦቦ ገመዳ ደግሞ ጥጋቸው ላይ ሆነው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ፤ ትከሻቸው ግን ሲስቅ ይታየኛል።

ካረፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነገርኳት። ስለ ክረምቱ፣ ስለ ደጃፉ፣ ስለ ሴትዮዋ ንግግር፣ ሁሉንም። ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሰውዬው ይናፍቁኛል። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ እንደ አዲስ ሰው አየችኝ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም አልክ? አንተ?»

«እኔ» አልኳት።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። ሠርግ ቤት «እስቲ እሱ ይናገር» ሲባልና እኔም ኮቴን አስተካክዬ ልነሳ ስል ጫልቱ እጅጌዬን ትይዘኛለች።

«ዝም ማለት መቻልህን አውቄያለሁ እኮ» ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ እቀመጣለሁ።