የፓርክታውኑ አጋፋሪ

ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክታውን ኮረብታ ላይ አንድ ትልቅ ቤት አስጎበኛለሁ። ያሠራው የአንድ እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ ልጅ ነው። እዚህ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ድረስ መጥቶ በወርቅ ከበረ፤ ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ እንዲሉ፣ የ«ሰር»ነት ማዕረግም ገዛ። ገዛ ስል አለቃዬ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ «ተሸለመ በይ» ትለኛለች። ሚስቱ ግን የዘር ነች፣ የከሰረ ሎርድ ልጅ። አባቷ የቅድመ አያቶቿን ቤት መያዝ አቅቶት ሲሸጠው ባሏ «እኔ እሠራልሻለሁ» አላት። ያንኑ ቤት ከነመስኮቱ፣ ከነደረጃው እዚህ አስገለበጠው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እነሱ አገር ፀሐይ ወደ ቤት የምትገባው በደቡብ መስኮት ነው፤ እዚህ በሰሜን። ቤቱን ዞር እናድርገው ያለ ሰው ስላልነበረ ትልልቆቹ ክፍሎች ዓመቱን ሙሉ ጥላ ውስጥ ናቸው። በሰኔ፣ እዚህ ብርዱ በሚከፋበት ወር፣ እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ ነው የማስጎበኘው። የአገሩን ነገር እንዳለ ተሸክሞ የሚሰደድ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

ባለፈው ብርድ ለዚህ ቤት ብዬ ወፍራም ግራጫ ሹራብ ገዛሁ፤ ለአባቴም አንድ ዓይነቱን። አባቴ ደብረ ብርሃን ነበር፣ ታሞ። የእኔ ፔፐር፣ የጥገኝነት ወረቀቴ፣ ከአገር አያስወጣም፤ ከወጣሁ መመለስ የለም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ደውዬ ድምፁን ለመስማት እለምን ነበር። ወንድሜ አንዴ «ፀበል ሄዷል»፣ አንዴ «ተኝቷል»፣ አንዴ «ጉሮሮው ተዘግቶበታል» ይለኝ ነበር። ሹራቡን በሰው ላክሁ።

«ደረሰ?» አልኩት ወንድሜን።

«ደረሰ። ልክ ሆነለት።»

«እጅጌው አልረዘመበትም?»

«ኧረ ልኩ ነው። አላወልቅም ብሏል።»

ያን ቀን ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ፣ አላወልቅም ማለቱን ለደባሌ ደጋግሜ ነገርኳት። እሷም ደጋግማ «እሰይ» አለችኝ።

የጉብኝቱ ዋና ታሪክ ያለው ደረጃው ሥር ነው። እዚያ የቤቱ ስልክ ተሰቅሎ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የሴትዮዋ ልደት ተብሎ አትክልት ቦታው ላይ ድግስ ሆኖ ሙዚቃው ሲመታ ስልኩ ጠራ። ያነሳው አጋፋሪው ነው፤ እነሱ በትለር ይሉታል፣ እኔ አጋፋሪ እለዋለሁ። አንድ ልጇ ፈረንሳይ ጦር ሜዳ ላይ መሞቱን ነገሩት። ስልኩን ዘጋ፤ ትሪውን አንስቶ ሻይ ማዞሩን ቀጠለ። እንግዳው ተሸኝቶ እስኪያልቅ ትንፍሽ አላለም። ሲነግራት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው ይባላል፤ «ሲደወል ምን እያደረግኩ ነበር?»

«እየደነሱ ነበር፣ እመቤቴ።»

በማግሥቱ አባረረችው።

ጎብኚዎች አጋፋሪውን ጨካኝ ይሉታል። እኔ ጠበቃው ነበርኩ። በእኛ አገር መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደጋፊ ባለበት እንጂ በዘፈቀደ አይነገርም እላቸዋለሁ። እሷን ነበር ምስጋና ቢስ የምላት።

አንድ ቅዳሜ ደባሌና የእድራችን ሰብሳቢ ሊጎበኙ መጡ። ኑ እያልኩ ስንት ጊዜ ጨቅጭቄአቸዋለሁ። ሰብሳቢያችን ዳቬይተን፣ ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ስፓዛ የሚባል ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ቅዳሜ ሱቅ መዝጋት ለእሳቸው ኃጢአት ነው።

«ጋሼ፣ ሎኬሽኑን ለማን ጥለውት መጡ?» ብዬ ቀለድኩ።

«የትም አይሄድ። አንቺን ልስማሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

ደረጃው ሥር ስንደርስ የአጋፋሪውን ታሪክ በአማርኛ፣ አሳምሬ ነገርኳቸው። ደባሌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሼ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«ደግ ሰው ነበር፣ አይደል?» አልኳቸው።

«ምን ያድርግ፣ ልጄ» አሉ።

ለእንግሊዙ ልጅ ያዘኑ መሰለኝ። ታሪክ መንገር እንዴት ብችልበት ነው ብዬ ኮራሁ።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ የሮዘተንቪሉ ቤታችን በር ተንኳኳ። የእድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፣ ጋሼ ከፊት። አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት ገባኝ። የአባቴ አርባ እንኳን ወጥቷል። ሹራቡ የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነው።

እንደ ወጉ ያዙኝ፣ ደገፉኝ፣ ብቻዬን አልተዉኝም። እኔ ግን ከሐዘኑ እኩል ንዴቱ አንገበገበኝ። ወንድሜን በስልክ የጠየቅኩት የተቀበረበትን ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜ ነበር። አባቴ ጉድጓድ ሲወርድ እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ስለ አጋፋሪው እከራከር ነበር፤ ምናልባትም እየሳቅኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ መቼ ሰሙ?»

«በሣልስቱ። ፔፐርሽ አያስወጣሽ፤ ቶሎ ብናረዳሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አለቅስ ነበር» አልኳቸው። «ከሰው እኩል አለቅስ ነበር።»

እንባቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉ። እወዳቸዋለሁ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው፤ ይህን ማወቄ ግን ምንም አላቀለለልኝም።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ አስጎበኛለሁ። ደረጃው ሥር ስደርስ ለአጋፋሪው ጥብቅና አልቆምም። እየደነሰች ነበር እላለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፋለሁ። ለወንድሜም እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኑሮው እናወራለን። ሹራቡ የት እንዳለ እስካሁን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይነግረኛል፤ የሚነግረኝን ማመን ግን አልችልም።