ከወንዙ ማዶ የወጣው ዕጣ

በቅድሚያ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ የተማረ ሰው ሞልቶ እኔ ብዕር ማንሳቴ ራሱ ያሳፍረኛል። ግን ስለ ባለቤቴ የሚጽፍለት ሌላ ሰው የለም። እሱም ስለ ራሱ አያወራም።

ባለቤቴ በያጅ ነው፣ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ዝምታው ስለሚገርማቸው ጎረቤቶቻችን «ብረቱ ይግላል እንጂ እሱ አይግልም» እያሉ ይቀልዱበታል። ታላቅ ወንድሙ ከጎረቤት አገር ጋር ድንበሩ ወንዝ ላይ በተደረገው ጦርነት ዘምቶ እዚያው ቀረ። ሬሳው እንኳ አልመጣም። አማቴ ይመጣል እያለች፣ እስክትሞት ድረስ በሯን ሳትቀረቅር ነበር የምትተኛው።

አንዲት ልጅ አለችን። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት ከሚመረጡት ትምህርቶች የዓለም ፖለቲካ የሚባለውን መረጠች። አገሮች በምን እንደሚጣሉ፣ በምን እንደሚታረቁ ነው የሚማሩት። አባቷ ደስ አለው። ከሥራ ሲገባ እጁን እየታጠበ፣ አምባሳደሯ ዛሬስ ማንን አስታረቅሽ ይላታል። እሷም መጀመሪያ አንተንና እማዬን አስታርቄ ልጨርስ ትለዋለች። ያኔ ይስቃል። ሲስቅ የማየው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን መምህሯ አገሮችን በዕጣ አከፋፈላቸው። እያንዳንዱ ተማሪ የደረሰውን አገር ወክሎ ወላጆች ፊት ይከራከራል፤ ትልቁ ነጥብም ያ ነው። ለልጄ ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ደረሳት። ለእኔ ነገረችኝ። ለእሱ ግን በምን አፏ ትንገረው? እሱ ሥራ ሲሆን ጠብቃ ጓዳ ውስጥ ትለማመድ ጀመር።

አንድ ቀን መዶሻ ረስቶ ተመለሰ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛም ከዚያ ወንዝ ያላነሳናቸው ልጆች አሉን።»

ዞር ስትል አየችው። ዕጣ መሆኑን፣ መምህሩ የሌላውን ሕመም እንድናውቅ ነው ማለቱን እየተንተባተበች አስረዳችው። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ገባኝ ልጄ። ያልቻልኩት መስማቱን ነው።»

መዶሻውን ሳይወስድ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ አምባሳደሯ ማለቱ ቀረ። አይቆጣም፣ አያኮርፍም፣ ደህና ዋልሽ ይላታል። በቃ፣ ያ ብቻ።

ልጄ አልቻለችም። ክርክሩ ሲደርስ አሞኛል ብላ ቀረች፤ ተራዋም ለሌላ ተሰጠ። ነጥቧም አብሮ ሄደ። እራት ላይ ቀስ ብላ፣ «ትቼዋለሁ አባዬ፣ ሒሳብ አያያዝ እማራለሁ» አለችው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

በማግስቱ ጠዋት የሠርግና የለቅሶ ኮቱን ለብሶ አገኘሁት። በርጩማ ይዞ ወደ ልጃችን ክፍል ገባና ተቀመጠ።

«በይ አምባሳደሯ፣ ተናገሪ። እሰማለሁ።»

«አባዬ፣ አሁን ከአፌ አይወጣም።»

ያን ጊዜ እሱ ተነሳ። እጆቹን እንደ ተማሪ አጣምሮ ግድግዳው ፊት ቆመ። «ክቡር ሰብሳቢ፣» አለ። «እኛም ከዚያ ወንዝ…» ከዚያ ማለፍ አቃተው። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ነበር። ትከሻውን ሳመችውና ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።

እሱም ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ብየዳው ሄደ።