መብራት ሲጠፋ የሚሞላው የታች ገንዳ

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ጋሽ ዝምታ» ይሉታል፤ ለሹፈት ነው እንጂ እርሱስ ከሬዲዮ በላይ ያወራል። ዝምታን የሚወደው ከሌላ ሰውና ከቤት ዕቃ ብቻ ነው።

በሱቁ ውስጥ ያማረ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አቁሟል። ከሥሩ፣ በቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ትንሽ ገንዳ አለ፤ ውሃው ወደዚያ ወርዶ ይጣራል፣ ፓምፕም በቱቦ ሽቅብ ይመልሰዋል። በቱቦው አፍ አጠገብ፣ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብላ፣ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ፓምፑ ሲቆም ቱቦው የላዩን ውሃ ወደ ታች ይስባል፤ ቀዳዳዋ ከውሃው በላይ ስትቀር ግን አየር አስገብታ ስበቱን ትቆርጣለች። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስለምታንጎራጉር ጋሽ ዝምታ በሻማ ሰም ደፈናት። ጎዶሎ ዕቃ ቤቱን የቆንቋና ቤት ያስመስላል ብሎም የታችኛውን ገንዳ እስከ አፉ ሞላው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሾፌር ጉንጭ እየላጨ ሳለ መብራት ጠፋ። የታችኛው ገንዳ ገነፈለ፤ ውሃው በወለሉ ስንጥቅ ሾልኮ ከሥር ባለው ልብስ ስፌት ቤት ላይ ዘነበ። ሰፊዋ እየተንጠባጠበ ያለ ነጭ ቬሎ ታቅፋ ወጣች።

«ጋሼ፣ ሙሽራዬን አጠቡልኝ።»

«እኔንም ሲያጥቡኝ ነበር፤ ግማሽ ላይ ተዉኝ» አለ ሾፌሩ፣ አረፋውን እንደተሸከመ።

«አንተ ጺምህ ተመልሶ ይበቅላል፤ ቬሎ አይበቅልም። ጋሼ፣ ዳግም አንዲት ጠብታ ብትወርድ ዓሣዎቹ ከዚህ ቤት ይወጣሉ። የቤቱ አከራይም ተስማምቷል።»

ጋሽ ዝምታ ወደ ዓሣዎቹ ዞረ። ደንበኛ ሲጠፋ የሚያወራው ለእነርሱ ነበር፤ ቃሉን አቋርጠውት አያውቁም።

በማግስቱ ሰሙን በፀጉር ማስያዣ ሽቦ ጎርጉሮ አወጣ። ከላይ የሚወርደው ውሃ ቦታ እንዲያገኝ፣ ከታችኛው ገንዳ በመላጫ ሳህን እየቀዳ ደፋ። ከዚያም ሰፊዋን አስጠራት።

«እህቴ፣ መብራት እስኪጠፋ ምን አስጠበቀን? እኔው ላጥፋው።»

ሰፊዋ ነጭ ጨርቅ ከቁም ሳጥኑ ሥር ዘረጋች። ተራ ጠባቂ ደንበኞቹ ሁሉ ፎጣ እንደለበሱ የታችኛውን ገንዳ ሊያዩ በሆዳቸው ተኙ። ጋሽ ዝምታ ሶኬቱን ነቀለ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜም ዝም አለ። በታችኛው ገንዳ ውሃው ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ የሁሉንም ትንፋሽ ይዞ ከፍ አለ። ቱቦው እንደጠገበ ሕፃን አገሳ፤ ውሃውም ከገንዳው አፍ አራት ጣት ሲቀረው ቀጥ አለ።

ሰፊዋ ጨርቁን ዳበሰች።

«ደረቅ ነው» አለች፤ ሳቋን ለመዋጥ ብትሞክርም አፈተለካት። «ዓሣዎቹ ይቀመጡ። ብቻ ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ልንቀለው እኔ።»

«ከእኔ በኋላ» አለ ከወለሉ አንዱ።

ያን ቀን ጋሽ ዝምታ አንድም ፀጉር አልቆረጠም፤ ሶኬት ነቃዩ ተሰልፎ እስከ ደረጃው ደርሶ ነበርና።