በአጭሯ ዱላ ኮርማ የጣሉት አከራዬ

ወረታ ተመድቤ በመጣሁበት ክረምት ዋና ሥራዬ ስልኬ ላይ ጌም መጫወት ነበር። በወረቀት ላይ ሥራዬ የቁሐር ሚካኤልን የሩዝ ገበሬዎች ማማከር ነው። ቀበሌው ግን በውሃ ተከቧል፤ ገበሬዎቹም ያለ እኔ ምክር ማረም እንደማይችሉ ገና አልተረዱም ነበርና ማንም አልጠራኝም።

ጌሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰውዬ ከእርከን ወደ እርከን እየዘለለ ይሄዳል፤ የመጣበትን አውሬ ይመታል። ሲነሳ የሚሰጠው አንዲት አጭር ዱላ ብቻ ነው። የእሳት ሰይፉን የሚያገኘው በሁለተኛው ደረጃ መጨረሻ ላይ የቆመውን ኮርማ የጣለ እንደሆነ ነው። እኔ ኮርማው ፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞቻለሁ። ጥፋቱ በእርግጥ የዱላዋ ነበር። ይህንኑ ለቢሮ ባልደረቦቼ በሰፊው አስረድቻለሁ።

አከራዬ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሩዛቸውን ራሳቸው የሚያርሙ ሴት ናቸው። በዚያ ሰሞን ጭቃ አንሸራትቷቸው እግራቸው ወለም አለ። ወጌሻው አስሮ እንዳይራመዱ ስለከለከላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰማዩንም ጎረቤቱንም እኔንም ሲቆጡ ይውላሉ።

"ቀን ሙሉ የምትደበድበው ምንድን ነው?" አሉኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ።

"ኮርማ ነው እማማ።"

"እስቲ አምጣው።"

በየት እንደሚዘለል፣ በየት እንደሚመታ አሳየኋቸው። ሲሸነፉ ማጽናኛ የሚሆናቸውን ቃል ሁሉ አዘጋጅቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን ሰውዬውን አላስሮጡትም፤ ዝም ብለው አቆሙት። ኮርማው መሬት ጭሮ ተንደረደረ።

"ይምቱት እማማ፣ ደረሰብዎት።"

"ቆይ። አንገቱን ሳይሰብር ምን አስቸኮለኝ?"

ኮርማው አንገቱን ሲሰብር በላዩ ዘለሉ፣ ከኋላው አንዴ መቱትና ሸሽተው እንደገና ቆሙ። በሰባተኛው ምት ወደቀ። እግራቸው ከተጎዳ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው።

ጌሙ የእሳት ሰይፉን ሸለማቸው። አንዴ ወዘወዙት፤ ሰውዬው ከነሰይፉ ገደል ገባ።

"ዱላዬን መልስልኝ" አሉ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ኮርማውን መጣሌን በትሕትና ተናገርኩ። "እስቲ አሳየን" አሉኝ። ሦስት ጊዜ ሞትኩ። መጀመሪያ በስልኩ፣ ቀጥሎ በኔትወርኩ አሳበብኩ፤ ጌሙ ኔትወርክ እንደማይፈልግ ሲነግሩኝ እውነቱን አወጣሁ።

ያን ዕለት ሁለት ባልደረቦቼ ስኳር ይዘው የአከራዬን እግር ሊጠይቁ መጡ። እግሩን አንዴ ጠየቁ፤ ስለ ኮርማው ግን እስኪመሽ አወሩ።

"ለመሆኑ በሬ ጠምዳችሁ ታውቃላችሁ?" አሏቸው አከራዬ።

ሁለቱም ወደ ስልኩ አጎነበሱ። አንደኛው ለገበሬዎች ስለ በሬ አያያዝ ሥልጠና የሚሰጠው ነው።

ወጌሻው መጥቶ እግራቸውን የፈታ ቀን አከራዬ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ነበሩ። ተነስተው ሁለት እርምጃ ሞከሩና ስልኩን በእጄ አስያዙኝ።

"አይጨርሱትም እማማ?" አልኳቸው።

"አረሙ ሩዜን ሊጨርሰው ነው። አንተ ሥራ የለህ፣ ጨርሰው።"

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ማሳቸው ሄዱ። እኔም ከበሩ ሳይወጡ ሰውዬውን ገደልኩት።